አራተኛዋ አምፖል

ከገበያ የሚገዛው የቤት ሶላር ብዙውን ጊዜ አራት አምፖል ይዞ ነው የሚመጣው። ሦስቱ ጠብ የላቸውም። አንዷ ሳሎን ትሰቀላለች፤ እንግዳ የሚያየው እሱን ነውና። ሁለተኛዋ መኝታ ቤት ትገባለች። ሦስተኛዋ በረንዳ ላይ ትውላለች፤ ታድራለችም። የበረንዳዋ አምፖል ሥራ ማብራት ሳይሆን መታየት ነው፤ ሶላር ገዝቶ ማዶ ያለው ጎረቤት ካላየለት የኪራሙ ሰው ገንዘቡን ገደል የጣለ ይመስለዋል። አራተኛዋ ላይ ሲደረስ ግን ቤቱ ሸንጎ ይሆናል። አባወራው «ለበረት» ይላል፤ ጅብ አለ፣ ላም ትወልዳለች። ልጆቹ «ለጥናት» ይላሉ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። አያት ካሉ «ለደጃፍ» ይላሉ፤ ሌሊት ሲወጡ እንዳይደናቀፉ። እማወራዋን የጠየቃት የለም። እሷ ኩሽና ናት፤ ኩሽናው ደግሞ ጨለማ ስለሆነ መኖሯ አይታይም።

ኪራሙን ለማያውቅ፣ ከነቀምት ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ ናት። በቆሎ የሚበቅልባት፣ ዝናብ የማይሰስትባት አገር ናት። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብሎ የተረተው ሰው ስለ መብራት ማሰቡን እጠራጠራለሁ፤ ለእኛ ግን በልካችን የተሰፋ ተረት ነው። የወለጋ ውኃ አገር ማብራት ከጀመረ ስንት ዘመኑ! ፊንጫ ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ኃይል ያመነጫል። ጎረቤቱ አመርቲ ነሼ በ2004 ዓ.ም. 97 ሜጋዋት ይዞ ተከተለው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመረቀ፤ ከዚያ የሚነሳው የ500 ኪሎቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ወለጋን አቋርጦ ሆለታ ይደርሳል። ማቋረጡን ያቋርጣል። ግን 500 ኪሎቮልት አምፖል አይሰቀልበትም፤ በጣቢያ ተቀንሶ፣ ተከፋፍሎ፣ በትራንስፎርመር ወርዶ ነው ለሰው የሚሆነው። ያ ሁሉ መውረድ ምሰሶ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ቆጣሪ ያስገባ ሰውም ቢሆን ሻማውን ከመሳቢያ አያርቅም።

መንግሥትም ይህን አልካደም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ለሁሉም ሰው መብራት ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 35 በመቶው ሕዝብ መጀመሪያ መብራት የሚያገኘው ከሽቦው ውጭ፣ በሶላርና በመሰሉ እንደሚሆን አስቦ ነበር። የኪራሙ ገበሬ ዕቅዱን ሳያነብ የድርሻውን ፈጸመ። ያለፉት ጥቂት ዓመታት አካባቢውን ክፉኛ ፈትነውታል፤ ለዚያ ወግ አይበቃም። ይህን ብቻ ልበል፤ ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ሰው ምሰሶ ነቅሎ አይሄድም፣ ሶላሩን ግን በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ ይወጣል።

እኔ በቅርብ የማውቀው የእቴቴን ቤት ነው። እቴቴ የእናቴ እህት ናት። ባለቤቷን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ሶላሩን የገዙት በቆሎ ሸጠው፣ ነቀምት ድረስ ሄደው ነው። ገበያ ላይ ሸክላ እንደሚመርጥ ሰው መስታወቱን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ክብደቱን በሁለት እጃቸው መዝነው ነው የመረጡት። ባለሱቁም «ኦሪጅናል ነው አባቴ» ብሎ ማለላቸው። የነቀምት ሱቅ ውስጥ ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ አይቼ አላውቅም፤ ኦሪጅናል ያልሆነው ሁልጊዜ የሚሸጠው ጎረቤት ሱቅ ነው።

ሶላር በድምፅ አይፈተሽም። ለገዢ የሚጠቅም አንድ ነገር ቢኖር ስፋቱ ነው። ደህና የሚባለው የዘመኑ ሶላር አንድ ካሬ ሜትር ሆኖ ጠራራ ፀሐይ ሲያርፍበት 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ጀርባው ላይ 100 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ሶላር ቢያንስ ግማሽ ካሬ ሜትር መሙላት አለበት። የደብተር ሽፋን የምታህል ሆና 50 ዋት ነኝ የምትል ካለች፣ በደብተሯ ላይ የተጻፈው ተረት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና «ከመግዛቴ በፊት የት ነበርክ?» አሉኝ። የእሳቸው እንኳ ደህና ነው፤ 20 ዋት ይላል፣ 20 ዋትም ይመስላል።

ሶላሩ ጣሪያ ላይ ይወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልወጣም። ጣሪያ ላይ ያለ ዕቃ ሌሊት በእግሩ ሊሄድ ይችላል፤ ቆርቆሮው ደግሞ ሲግል ሶላሩን ያግለዋል። ሶላር ፀሐይ ይወዳል እንጂ ሙቀት አይወድም፤ በጋለ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ጋሼ ግን ያሰቡት ስለ ሌባው ነው። እናም ጠዋት ጠዋት ከበርበሬው ስጥ አጠገብ ይሰጣል፤ ማታ ከበርበሬው ጋር ይገባል። ጠባቂውም አንድ ነው፤ ትንሹ የልጅ ልጅ። ከበርበሬው ዶሮ ያባርራል፣ ከሶላሩ ጥጃ ያባርራል። በቀን ሁለት ሦስቴ ፊቱን ወደ ፀሐይ ማዞርም የእሱ ሥራ ነው። ፈረንጆቹ ይህን የሚሠራ ሞተር አላቸው፤ ውድ ነው። የእኛው በአንድ እፍኝ ቆሎ ይሠራል፤ ብልሽቱ ኳስ ጨዋታ ሲኖር ብቻ ነው።

ወደየት ይዙር የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነበረው። ጎረቤት ያለው መምህር «ወደ ደቡብ» አለ። ጋሼ «ወደ ደቡብ ምን አለ? ፀሐይ በሰኔ በሰሜን በኩል አይደለም እንዴ የምታልፈው?» አሉ። መምህሩ ደነገጠ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ኪራሙ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ አብዛኛውን ዓመት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ግን አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ጋሼ ይህን መጽሐፍ ላይ አላነበቡትም። ቀትር ላይ በታኅሣሥ የቤቱ ጥላ በየት በኩል እንደሚወድቅ፣ በሰኔ ደግሞ በየት በኩል እንደሚዞር 60 ዓመት ሙሉ ተቀምጠውበት ያውቁታል። ተክሎ ለሚተወው ሰው የመምህሩ ምክር ይሻላል፤ ወደ ደቡብ ትንሽ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘመም ማድረግ፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። የልጅ ልጅ ላለው ግን ምክሩ አያስፈልገውም።

ሰሜንም ዞረ ደቡብ፣ በሐምሌ ፀሐይዋ ከሌለች ምን ዋጋ አለው? የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን በ13 ወር ፀሐይዋ ለዓለም ሲያስተዋውቁ የወለጋን ክረምት ሳያዩ የቀሩ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ በቀጠሮ ነው የምትመጣው፤ ቀጠሮም ታጎድላለች። ሰማዩ ጥቁር ሲሆን ሶላሩ የበጋውን ሲሶ እንኳ አያመጣም። ያን ጊዜ በየቤቱ የሒሳብ ሹም ይሾማል። በእቴቴ ቤት ሹሟ የ10ኛ ክፍሏ ልጅ ናት። የ20 ዋቱ ሶላር በደህና ቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አገኘ ቢባል 100 ዋት ሰዓት ያፈራል፤ አንዷ አምፖል 3 ዋት ናት፤ አራቱ 5 ሰዓት ቢበሩ 60 ይሄዳል፤ 40 ይተርፋል። በደብተሯ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች። «በክረምት በረንዳው ይጠፋል» የሚልም አለበት። በረንዳው አልጠፋም፤ ጋሼ ወረቀቱን ገነጠሉት።

ሹሟ ያልቆጠረችው ነገር ግን ይሉኝታን ነው። መሐንዲሶች ኃይል በሽቦ ላይ ይባክናል፣ በባትሪ ውስጥ ይባክናል ይላሉ፤ እውነት ነው። ኪራሙ ላይ ግን ትልቁ ብክነት በር አንኳኩቶ፣ «እንዴት አመሻችሁ» ብሎ፣ ቁጭ ብሎ ቡና ጠጥቶ ነው የሚሄደው። ስልኩን ግን ትቶ ነው የሚሄደው። የዘመኑ አንድ ስማርት ስልክ እስኪሞላ ድረስ፣ በመንገድ የሚጠፋው ሲጨመር፣ 20 ዋት ሰዓት ሳይበላ አይጠግብም። አምስት ጎረቤት ስልክ ይዞ ከመጣ የቀኑ ፀሐይ አለቀ። ታዲያ ማን ይከለክላል? ማዶ ያሉት ኦቦ ጨው ሲጠፋ የሚሰጡ፣ በሬ የሚያውሱ፣ ልጅ ሲታመም በሌሊት ሰው ተሸክመው የሄዱ ናቸው። «ባትሪዬ ዝቅ ብሏል» ይባላሉ? እቴቴ አንድ ቀን ሞክራ ነበር። ኦቦ በጣም አዘኑ፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለእሷ። «እኔ ቤት ያለውን ላምጣልሽ?» ብለው የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ የተከለከለ ሰው የለም። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ስልኮች ተደርድረው ይጮኻሉ፤ የማን እንደሆነ በጥሪው ዜማ ይለያል።

እዚህ ላይ ለአምፖሏ ምስጋና ሳላቀርብ ባልፍ ግፍ ይሆናል። ሰው ሁሉ ሶላሩን ያደንቃል፤ ተአምሩን የሠራችው ግን አምፖሏ ናት። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ቢሆን ኖሮ የጋሼ ሶላር የቀን ላቡ ለአንድ ክፍል፣ ለዚያውም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቅ ነበር። ያ አምፖል እኮ ምድጃ ነበር፤ ከሚበላው አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ነው የሚመልሰው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል ተቀብሎ ቆጣቢ አምፖል በነጻ ሲሰጥ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ሲቀየር ሰልፉን አስታውሳለሁ። ሰው የተቃጠለ አምፖል ከየጓዳው ለቅሞ ይዞ ተሰልፏል፤ መብራት ገብቶለት የማያውቅ ሰው ሳይቀር። ከዚያ ደግሞ ባለ 3 ዋቷ ኤልኢዲ መጣች፤ ትልቅ ሶላር የሚጠይቀውን ብርሃን በትንሽ ሶላር አበራችው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ የምትባል የገጠር ከተማ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቤት ለቤት ሶላር ሲተከልላት፣ በዚያው የቴክኒሻን ማሠልጠኛ ሲከፈትባት የየቤቱ ሶላር እጅግ ትንሽ ነበር። ኩራዝን ለማባረር ያ በቃ። ኩራዝ የጠጣውን ላምባ፣ ጠዋት ጠዋት በአፍንጫችን የሚወጣውን ጥቀርሻ የማያስታውስ ልጅ አሁን ኪራሙ ላይ እያደገ ነው፤ እድለኛ ነው።

ወደ አራተኛዋ አምፖል እንመለስ። ጋሼ አሸንፈው በረት ገባች። ላሟ ልትወልድ ነው ተብሎ ነበር። ላሟ የወለደችው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሜዳ ላይ ነው። ጅቡም ያን ሰሞን አልመጣም፤ ጋሼ «ብርሃኑን ፈርቶ ነው» ይላሉ፤ እኔ አስተያየት የለኝም። አምፖሏ በረት ውስጥ ከመሸ እስኪነጋ ለሁለት በሬና ለአንዲት አራስ ላም ስታበራ፣ እቴቴ በስልኳ መብራት ወጥ ትሠራ ነበር። ስልኩን በጥርሷ ነክሳ።

ነገሩን ከሒሳብ አንጻር ብናየው ያስቃል። ባለሙያዎች እንደሚሉት በአገራችን ቤት ውስጥ ከሚነደው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠውን የሚበላው እንጀራ መጋገሩ ብቻ ነው። ማለትም የቤቱ ትልቁ የኃይል ማመንጫ ኩሽና ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጇም እቴቴ ናት። እኛ ግን ስለ ኃይል ስናወራ የምናወራው ስለ ሳሎን አምፖል ነው። ሹሟ ልጅ አንድ ቀን «እንጀራውን በሶላር ብንጋግርስ?» ብላ አሰላችው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ አንድ ሰዓት ለመጋገር የጋሼ ሶላር 35 ቀን ሙሉ ማጠራቀም አለበት። በ35ቱ ቀን አምፖል የለም፣ ስልክ የለም። «ሁዳዴ እንኳ ይሻላል» አሉ ጋሼ፣ «መጨረሻው ላይ ዶሮ አለው።»

እቴቴ አምፖሏን አልጠየቀችም። አንድ ማታ ግን ከሰል ምድጃውን አቀጣጥላ ሳሎን ይዛው ገባች። ሽንኩርት ሳሎን ተከተፈ፤ በርበሬ ሳሎን ተቁላላ። እንግዶች ነበሩ። ኦቦ እያስነጠሱ እንባቸውን ጠረጉ፤ መምህሩ መስኮት ከፈተ። «ምነው እዚህ?» ሲሏት «ማየት አቅቶኝ ነው፤ ብርሃኑ ያለው እዚህ ነው» አለች፣ በጣም በትሕትና። በማግስቱ አምፖሏ ከበረት ተፈትታ ኩሽና ተሰቀለች። የፈታት ማን እንደሆነ ጋሼ እስከ ዛሬ አልተናገሩም፤ መሰላሉ ላይ ያየኋቸው ግን እሳቸውን ነው።

ጋሼ ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር። ብርሃን ኩሽና ሲገባ ግን ኩሽናው ታየ። እቴቴ ጥቀርሻው ከጣሪያው ተንጠልጥሎ አየች፤ አይጧ የገባችበትን ቀዳዳ አየች። ከሁሉ በላይ ያየችው እሳቱን ነው። በጨለማ እሳት ደስ ይላል፤ ራሱ መብራት ነው፤ በዝቶ ቢነድ ማንም አይቆጨውም። አምፖል ሲበራ ግን ነበልባሉ በጉልቻዎቹ መሐል በሦስት በኩል እየሾለከ ለግድግዳው ሲጋግር ይታያል። «ይኼ ሁሉ እንጨት ለማን ነው የሚነደው?» አለች። ለዓመታት እንጨቱን የተሸከመችው እሷ ናት፤ ጥያቄውን የመጠየቅ መብት አላት።

መልሱ ደግሞ አዲስ አይደለም። ምርጥ ምድጃ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አገር ውስጥ አለ፤ በሲሚንቶና በአሸዋ በቅርጽ እየተጣለ ይሠራል፣ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ ይይዛል፣ ጭሱ በኋላ በኩል ይወጣል፤ በሚወጣበት ላይም ጀበና ወይም ድስት ይጣዳል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሶላሩ ካመጣው ጥቅም ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም፤ ግን በረንዳ ላይ ስለማይሰቀል ማንም ተሽቀዳድሞ አይገዛውም። ጋሼ ሲነገራቸው መልስ አላጡም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አሉ።

«ወጡን ማን አማ?» አለች እቴቴ። «ወጡማ ድሮም ጣፋጭ ነው። እንጨቱን ነው ያልኩህ። ተረቱን ያወጣው ሰውዬ እንጨት ተሸክሞ ያውቃል?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው ሲሚንቶ ነቀምት ላይ ስንት እንደገባ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው፣ ከባለሱቁ ይልቅ እኔ የዋሸኋቸው ይመስል ትኩር ብለው አዩኝ። ምርጥ ምድጃው ግን ገባ። አሁን ኩሽናው ጭሱ ስለቀነሰ ቡናውም እዚያ ነው የሚፈላው፤ በእንጀራው እሳት ትራፊ። ኦቦም፣ መምህሩም ሳሎኑን ትተው ኩሽና በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀምረዋል። ሹሟ ልጅ ሳሎን ውስጥ ለማንም የምትበራውን አምፖል እያጠፋች 3 ዋቱን በደብተሯ «ገቢ» ብላ ትመዘግባለች። በረንዳዋ እንደበራች ናት።

አሁን የተነሳው ክርክር ሽቦው ሲደርስ መጀመሪያ ምን ይገዛ የሚል ነው። ጋሼ «ቴሌቪዥን» ይላሉ። ልጆቹ «ፍሪጅ» ይላሉ። እቴቴ በዚህ ጊዜ እስክትጠየቅ አልጠበቀችም፤ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» አለችና ምርጥ ምድጃው ላይ ያለውን ጀበና አነሳች። ሹሟ ታሪፉን ጠይቃ ልታሰላ እርሳስ ቀርጻ ተቀምጣለች። ክርክሩ ጦፏል፤ ሽቦው ገና አልመጣም።